ከአሮጌ የባትሪ ትራፓኖ የአየር ጡሩምባ መሥራት፦ ለጅማው ወጣት መልስ

ጥያቄው ይህ ነው፦ «ጋሼ፣ የምኖረው ጅማ ነው። 18 ቮልት የሆነ አሮጌ የባትሪ ትራፓኖ አለኝ። ፑንታ የሚነክሰው አፉ ተበልቷል፤ ሞተሩ ግን ይዞራል፣ ባትሪውም ትንሽ ትንሽ ይይዛል። ከእሱ በእጅ የሚያዝ የአየር ጡሩምባ መሥራት ፈልጌአለሁ። አንድም ለስታዲየም፣ አንድም የአባቴን በቆሎ ለሚጨርሱት ዝንጀሮዎች። ያሰብኩት ትራፓኖው የጎማ መንፊያ ፓምፕ እንዲያዞርልኝና አየሩን ሃይላንድ ወይም ባዶ የጋዝ ቦምቦላ ውስጥ አጠራቅሜ በአንዴ እንድለቀው ነው። ይሠራል?»

ወንድሜ፣ ጡሩምባው ይሠራል። ያሰብከው መንገድ ግን አይሆንም። በተለይ የቦምቦላው ነገር ስላስፈራኝ መጀመሪያ እሱን ላንሳ።

ባዶ የሚባለው የጋዝ ቦምቦላ ባዶ አይደለም። ቫልቩ ተከፍቶ ቢከርምም ውስጡ ጋዝ ይቀራል። የቀረው ጋዝ ከአየር ጋር ሲደባለቅ ደግሞ ከሞላው ቦምቦላ የባሰ ነው፤ አንዲት የብየዳ ፍንጣሪ ትበቃዋለች። ሃይላንዱም የተሠራው ውሃ ለመያዝ ነው እንጂ የታመቀ አየር ለመቻል አይደለም። ፀሐይ ላይ ለስልሶ እጅህ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። የፍሪጅ ጋዝ ልሞክር እንዳትልም፤ ትንፋሽ ያሳጣል፣ ቆዳም ያቃጥላል። ይህን ሁሉ ተወው። ለዚህ ሥራ ማጠራቀሚያ ጭራሽ አያስፈልግህም።

ለምን እንደማያስፈልግህ የሚገባህ የጡሩምባውን ሆድ ስታይ ነው። ከኋላ ባለው ክብ ቆብ ውስጥ ዲያፍራም የሚባል ስስ ሳህን አለ። ሳህኑ የጡሩምባውን ጉሮሮ ተጭኖ ይዘጋዋል። ከፓምፑ የሚመጣው አየር ቆቡ ውስጥ ይሞላና ሳህኑን ገፋ ያደርገዋል። በተከፈተችው ክፍተት አየሩ ወደ ጉሮሮው ሹልክ ይላል። ግፊቱ ሲቀንስ ሳህኑ ተመልሶ ይዘጋል። ይህ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠር ጊዜ ይደጋገማል፤ ድምፁ እሱ ነው። የጡሩምባው ርዝመት ቃናውን ይወስናል፤ ረጅሙ ይጎረናል፣ አጭሩ ይሰልላል።

እንግዲህ ሳህኑ የሚፈልገው ሳይቋረጥ የሚፈስ ብዙ አየር ነው። ከባድ ግፊት አያስፈልገውም። ትንንሾቹ የመኪና ጡሩምባዎች 1 ባር አካባቢ ግፊት ካገኙ ይጮኻሉ። የጎማ መንፊያ ፓምፕ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። ግፊቱ ጎማን ይነፋል፣ የሚሰጠው አየር ግን ጥቂት ነው። ጡሩምባ ላይ ብትሰካው ፍስስስ ብሎ ይቀራል። በትራፓኖ አፍ ፓምፕ ማዞርም አያዋጣም። የትራፓኖ ሞተር ራሱ በጣም ፈጣን ነው፤ ከፊቱ ያለው ማርሽ ግን ፍጥነቱን ቀንሶ ጉልበት ያደርገዋል። አብዛኞቹ በደቂቃ ከ400 እስከ 1,500 ዙር ቢሰጡህ ነው። የጡሩምባ ፓምፕ ደግሞ ከዚያ እጅግ የፈጠነ ዙር ይፈልጋል።

ስለዚህ ከትራፓኖህ ውስጥ የሚዞረውን ክፍል እርሳው። አፉ መበላቱም ምንም አይደለም። አንተን የሚጠቅምህ እጀታው፣ ምላጩ (በጣት የምትጨብጠው ማስነሻ) እና ባትሪው ነው። በተለይ ምላጩ ወርቅ ነው። ፑንታው ብረት ውስጥ ተቀርቅሮ ሞተሩ ሲታፈን የሚያልፈውን ከባድ ከረንት እንዲችል ተደርጎ የተሠራ ነው። የጡሩምባ ፓምፕ የሚስበው 15 ወይም 20 አምፒር ለእሱ ቀላል ሸክም ነው።

የምትገዛው አንድ ነገር ብቻ ነው። የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ሄደህ ባለ 12 ቮልት፣ የራሱ ትንሽ ኮምፕሬሰር ያለው ባለ ሁለት ጡሩምባ ክላክስ ጠይቅ። ብዙውን ጊዜ ቀያይ የፕላስቲክ ጡሩምባዎች ናቸው፤ ከቱቦና ከሪሌ (በትንሽ ከረንት ትልቁን ከረንት የሚከፍት ማብሪያ) ጋር ይመጣሉ። የከባድ መኪናውን ዓይነት ቢሰጡህ እንዳትቀበል። እሱ 24 ቮልት ነው፤ አየሩንም የሚያገኘው ከመኪናው የፍሬን አየር ማጠራቀሚያ ነው። ገንዘብ ሳትከፍል በፊት ሱቁ ውስጥ ባትሪ ላይ አስነክተህ ስማው። ድምፁ ወዲያው መነሳት አለበት። አንዱ ጡሩምባ ብቻ ከጮኸ ሌላ አስመጣ።

አራትና አምስት ጡሩምባ ያለውን አይተህ ልትጓጓ ትችላለህ። ጅማ ላይ ግን ሁለት ይበቃል ነው የምለው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው ያለችው። የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲነጻጸር አንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ፓምፑ በእያንዳንዱ ዙር የሚያፍሰው አየርም በዚያው ልክ ይሳሳል። ታች ቆላ ላይ አራት ጡሩምባ እንደምንም የሚያስጮህ ፓምፕ እዚህ ሦስቱን አስጩኾ አራተኛውን ሊያስነጥስ ይችላል። ሁለት ጡሩምባ በደንብ የተነፋ፣ አራት ጡሩምባ በግማሽ ከተነፋ ይበልጣል።

አሁን ትራፓኖውን እንክፈተው። ባትሪውን መጀመሪያ አውጣ። የልባሱ ብሎኖች ብዙውን ጊዜ ባለ ኮከብ ናቸው፤ ትክክለኛውን ካቻቢቴ ተዋስ እንጂ በጠፍጣፋ አትታገል። ልባሱን እንደከፈትክ፣ ምንም ሳትነካ በስልክህ ፎቶ አንሳ። የምላጩ ስፕሪንግ ሲፈናጠር ቦታውን የሚያስታውስህ ፎቶው ነው።

ከዚያ ከምላጩ ወደ ሞተሩ የሚሄዱትን ወፍራም ሽቦዎች ቁጠር። ሁለት ከሆኑ ደስ ይበልህ፤ ካርቦን ያለው ተራ ሞተር ነው፣ ሥራው ይሄዳል። ሦስት ከሆኑ ግን ካርቦን የሌለው አዲሱ ዓይነት ነው። የእሱ መቆጣጠሪያ ሰሌዳ ለሞተሩ የሚልከው ተፈራራቂ ምት ስለሆነ ፓምፕህን አያዞርልህም። እንደዚያ ከሆነ ባትሪውንና እጀታውን ተጠቀም፣ በምላጩ ቦታ የመኪና የክላክስ ቁልፍና ከጡሩምባው ጋር የመጣውን ሪሌ አስገባ። በጥያቄህ አነጋገር ትራፓኖው የቆየ ስለሆነ ባለ ሁለት ሽቦ ይመስለኛል።

ሁለቱን ሽቦዎች ከሞተሩ ላይ ንቀል። ሞተሩን ከነማርሹ አውጥተህ አስቀምጠው። ሽቦዎቹን ወደ ፓምፑ አምጣና አገናኝ። ማስረዘም ካስፈለገ 2.5 ካሬ ሽቦ ተጠቀም፣ ከአንድ ስንዝር ብዙ አትለፍ። መገናኛው በደንብ የተጨመቀ ሞርሴቶ ወይም ሶልደር ይሁን። እንዲሁ ጠምዝዘህ ናስትሮ ብታለብሰው ይግላል፣ ናስትሮው ይላላል፣ አንድ ቀን ይለቅሃል። ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ ባለ 20 አምፒር የመኪና ፊውዝ አስገባ። ይህችን ፊውዝ አትዝለላት። የሊቲየም ባትሪ ሾርት ሲያደርግ የሚለቀው ከረንት ሽቦ ያቀልጣል።

አሁን ብዙ ሰው የሚደናገርበት ቦታ ላይ ደረስን። ትራፓኖህ ላይ ወደፊትና ወደኋላ የሚያዞር ዘንግ አለ። ያ ዘንግ ሥራው የሞተሩን ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ማገላበጥ ነው። የጡሩምባ ፓምፕ ደግሞ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚነፋው። ዘንጉ ወደኋላ ከሆነ ፓምፑ ይዞራል፣ ድምፁም ይሰማሃል፣ ጡሩምባው ግን ዝም ነው፤ ምክንያቱም አየሩን ከጡሩምባው በኩል እየሳበ ነው። ሰው እዚህ ጋ ፓምፑ ተበላሽቷል ብሎ ይጥላል። ጣትህን ቱቦው ጫፍ ላይ አድርግ። ጣትህን ከገፋው ልክ ነው፤ ከሳበው ዘንጉን ገልብጠው። ትክክለኛውን አቅጣጫ ስታገኝ ዘንጉን በትንሽ ብሎን ወይም በሙጫ እዚያው አስረው፣ በስህተት እንዳይገለበጥ።

ሁለተኛው ነገር ምላጩ ነው። በትንሹ ስትነካው ሞተሩ በቀስታ እንዲዞር፣ ጠበቅ ስታደርገው እንዲፈጥን የተሠራ ነው። ጡሩምባ ግን ግማሽ አያውቅም። በግማሽ ብትነካው ፓምፑ እያቃሰተ ይዞራል፣ ዲያፍራሙን የሚያነሳ ግፊት አይደርስም፣ የምታተርፈው ሙቀት ብቻ ነው። ስለዚህ አንዴ ጥግ ድረስ ጨብጠው፣ ከዚያ ልቀቀው። ስትለቀው የሚገርም ነገር ታያለህ። አብዛኛው የትራፓኖ ምላጭ ሲለቀቅ የሞተሩን ሁለት ጫፎች እርስ በርስ ያገናኛል፤ ትራፓኖ ቀጥ ብሎ የሚቆመው ለዚያ ነው። ይኸው ፍሬን ፓምፑንም ይይዘዋል። ጩኸቱ ሳይንጠባጠብ በአንዴ ይቆረጣል። በመኪና ክላክስ ይህን ያህል ጥርት ያለ አቆራረጥ አታገኝም። ስታዲየም ውስጥ ከጭብጨባ ጋር ምት ለመምታት ይህ ነው የሚያምረው።

የቮልቱ ጉዳይ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ አደጋውም ያለው እዚህ ነው። ፓምፑ 12 ቮልት ቢባልም መኪና ሞተሩ ተነስቶ ሲሠራ 14 ቮልት አካባቢ ነው የሚሰጠው፤ የተሠራውም ለዚያ ነው። ያንተ ባትሪ 18 ቮልት ሊቲየም ከሆነ 5 ሴሎች በተርታ አሉበት፤ ሙሉ ሲሆን 21 ቮልት ይደርሳል። አሮጌ ስለሆነ ሸክም ሲበዛበት ቮልቱ ይወርዳል። ያ ለፓምፑ እንደ እፎይታ ነው። ቢሆንም ከልኩ በላይ ነው። ስለዚህ ከ2 ሴኮንድ በላይ አታስጩኸው፤ ግማሽ ደቂቃም አሳርፈው። እንዲህ ከያዝከው ይኖርልሃል። ምላጩን ይዘህ 20 ሴኮንድ ከቆየህ ግን ጥቅልሉ ይሸታል፣ ከዚያ ያበቃል።

አንዳንዱ «ሁለት ሴል ላውጣለትና 12 ቮልት ይሁንልኝ» ይላል። ሐሳቡ በራሱ ክፉ አይደለም። ክፉ የሚሆነው ያንኑ ባትሪ በዚያው ቻርጀር ሲሰካው ነው። ሦስት ሴል ሙሉ ሲሆን 12.6 ቮልት ነው። የ18 ቮልቱ ቻርጀር ግን 21 ቮልት እስኪደርስ ይገፋል። እያንዳንዱ ሴል 4.2 ቮልት ላይ መቆም ሲገባው ወደ 7 ቮልት ይነዳል ማለት ነው። ይህ ቤት ያቃጥላል። ሴል የሚቀንስ ሰው ለሦስት ሴል የተሠራ መቆጣጠሪያ ሰሌዳና የራሱን ቻርጀር መግዛት አለበት፤ ሴሉ ላይ በቀጥታ በካውያ መበየድም አይፈቀድም። ልምዱ ከሌለህ አትንካው።

ባትሪህ «ትንሽ ይይዛል» ያልከው ምን ያህል እንደሆነ እንፈትነው። ሁለት ባለ 12 ቮልት የመኪና የፊት መብራት አምፖሎች በተርታ አገናኝና ከባትሪው ጋር አብራቸው። ቴስተር ይዘህ ቮልቱን ተመልከት። ሙሉ ተሞልቶ ሳለ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከ15 ቮልት በታች ከወረደ ቢያንስ አንዱ ሴል አልቋል። ባትሪው ካበጠ ወይም ቻርጅ ላይ ሲሆን ከጋለ ፈተናም አያስፈልገውም፤ ሥራው አብቅቷል። በጣም የቆዩት ትራፓኖዎች ደግሞ የኒኬል ካድሚየም ባትሪ ነበራቸው። ልባሱ ላይ ጽሑፉን አንብብ። ካድሚየም መርዝ ነው፤ ሲያልቅ አዌቱ ወንዝ ዳርም ሆነ ቡና ማሳ ውስጥ መጣል የለበትም።

ለእርሻው ከሆነ እኔ ብሆን የትራፓኖውን ባትሪ ትቼ የሞተር ሳይክል ወይም የባጃጅ 12 ቮልት ባትሪ እመርጣለሁ። አሲድ የማያፈሰውን፣ የታሸገውን ዓይነት። በትከሻ ቦርሳ ቀጥ አድርገህ አስቀምጠው፣ ፊውዙን እዚያው አድርግለት፣ ከዚያ በወፍራም ሽቦ ወደ እጀታው አምጣው። ብዙዎቹ የ18 ቮልት ምላጮች በ12 ቮልትም ይታዘዛሉ። ፓምፑ የሚወደውን ቮልት ያገኛል፣ አንተም ቀኑን ሙሉ ትጠብቅበታለህ።

አካሉን መግጠም ላይ ብዙ አልልም፤ እጅህ ራሱ ያሳይሃል። ፓምፑ በሞተሩ ቦታ ከገባ ጥሩ፤ ካልገባ የልባሱን አፍንጫ ቆርጠህ በ2 ሚሊ ሜትር የአሉሚኒየም ላሜራ ከላይ ስቀለው። አየር የሚስብበት ቀዳዳ ወደ ታች ይይ። ጅማ ዝናብ መች ይጠፋል፣ ውሃ ከገባበት ዲያፍራሙ ይጣበቃል። በዚያው ምክንያት የጡሩምባዎቹ አፍ ሲቀመጥ ዘቅዘቅ ይበል። ቱቦውን በተቻለ አሳጥረው፤ በረዘመ ቁጥር ጡሩምባው ዘግይቶ ነው የሚነሳው። ወደ ሁለቱ ጡሩምባዎች የሚከፈሉት ቁራጮች እኩል ይሁኑ። የቱቦው ጫፍ አልገባ ካለህ ትንሽ ሙቅ ውሃ ውስጥ ንከረውና ግፋው፣ ከዚያ በፋሸታ እሰረው። ለረጅም ጊዜ ሳይነካ የከረመ ፓምፕ አየር መሳቢያው ላይ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ይበቃዋል። ከዚያ በላይ አታፍስስ፤ ዘይቱ ዲያፍራሙ ላይ ሄዶ ያፍነዋል።

ሁሉም ተገጥሞ ድምፁ ሻካራ ከሆነ ወይም ንፋስ ብቻ ከወጣ መጀመሪያ ቱቦው አለመታጠፉን እይ። ከዚያ አንዱን ጡሩምባ ነቅለህ ቀዳዳውን በጣት ዝጋና ሌላውን ብቻውን ሞክር። ብቻውን ከጮኸ አየር አንሷል ማለት ነው፤ ባትሪው ደክሟል ወይም መገናኛ ላይ ይሾልካል። ብቻውንም ካልጮኸ ቆቡ ውስጥ ቆሻሻ ገብቷል። አንዳንዶቹ ከኋላ ማስተካከያ ብሎን አላቸው፤ ሩብ ሩብ ዙር እያልክ አዳምጠው።

አሁን ስለ ጆሮ ልንገርህ፣ ይህን በጥሞና አንብበው። ይህ ዓይነቱ ጡሩምባ 1 ሜትር ላይ 115 ዴሲቤል አካባቢ ሊደርስ ይችላል። ለሥራ ቦታ የሚመከረው ልክ 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ነው። 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። አስላው፤ 115 ላይ በቀን የሚፈቀድልህ ወደ 28 ሴኮንድ ብቻ ነው። የ2 ሴኮንድ ጩኸት ከሆነ 14 ጊዜ ማለት ነው፣ በዚያ ቀን ሌላ ጫጫታ ካልሰማህ። ርቀት እጥፍ ሲሆን 6 ዴሲቤል ይቀንሳል፤ ገላጣ ሜዳ ላይ ወደ 32 ሜትር ስትርቅ 85 ላይ ትወርዳለህ። ስታዲየም ውስጥ ግን ከፊትህ የተቀመጠው ልጅ ጆሮ ከጡሩምባው አፍ አንድ ክንድ አይሞላም። የጅማ አባ ጅፋር ደጋፊ በባዶ ጉሮሮውም ቡድኑን በ2010 ዓ.ም. ሻምፒዮን ሲያደርግ ያየነው ነው። ስለዚህ እዚያ ካስጮህክ ወደ ሰማይ አዙረህ፣ ከላይኛው ረድፍ ላይ ሆነህ ይሁን። ራስህም የጆሮ መድፈኛ አድርግ።

ከዚህ ጋር አንድ ነገር አለ፣ ማንም አይነግርህም። እጀታና ምላጭ ያለው፣ ከፊቱ ቱቦ የወጣ ነገር ከሩቅ ሲታይ ሽጉጥ ይመስላል። ፍተሻ ላይ ድንገት ከቦርሳ ብታወጣው የሚሆነውን አስብ። ደማቅ ቢጫ ወይም ብርቱካናማ ቀባው። ባትሪውን ነቅለህ ለብቻው ያዝ። በር ላይ ሳትጠየቅ አሳይ፤ አይገባም ካሉህም አትከራከር፣ ይዘኸው ተመለስ። ባጃጅ ላይ ልስቀለው የሚል ጓደኛ ካለህ ደግሞ አትፍቀድለት። ጋሪ የሚጎትት ፈረስ አጠገብ ቢያስጮኸው ሰው ይረግጣል።

ዝንጀሮዎቹን በተመለከተ፣ ጡሩምባው ያባርራቸዋል። ግን ብልህ ናቸው። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ከተመሳሳይ ዛፍ ሥር ከጮኸ ምንም እንደማያደርጋቸው ይገባቸዋል። ከዚያ በኋላ እያዩህ ይበላሉ። ማሳው ባዶ ሳለ አታስጩኸው። ከጫካው ወጥተው የማሳው ጠርዝ ላይ ሲደርሱ፣ አንዴ ብቻ፣ ካልጠበቁት ወገን ይሁን። ቦታህን ቀያይር። አባትህ ወይም ወንድምህ በሌላ በኩል እየሮጠ ይምጣ፤ ድምፁ ከሰው ጋር ሲመጣ ነው የሚያምኑት። ወደ ጎረቤት በቆሎ ሳይሆን ወደ ጫካው እንዲመለሱ አቁምህን አስተካክል፤ አለዚያ ከጎረቤት ጋር ያጣላሃል። በሬ ተጠምዶ ሲያርስም አጠገቡ አትንካው።

ልባሱን ስትከፍት የሽቦዎቹን ፎቶና የባትሪውን ጽሑፍ ላክልኝ። ሁለት ሽቦ ከሆነ ፓምፑን መግዛት ትችላለህ፤ ሦስት ከሆነ ገንዘብህን ሳታወጣ በፊት እንነጋገር።